ከጠገራ እስከ ባንድሶው፦ የጣውላችን ታሪክና የርካሽ ማሽን ምርጫ

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ሰብሰብ ብለን ርካሽ ተንቀሳቃሽ የግንድ መሰንጠቂያ ብንገዛ፣ ባሕር ዛፋችንን በአጣና ዋጋ ከመስጠት አንድንም ወይ? የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወደ ማሽኑ ከመሄዳችን በፊት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የትኛውን መግዛት እንዳለባችሁ የመጋዝ ታሪክ ራሱ ይናገራል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

አያቶቻችን ሳንቃ የሚያወጡት በጠገራ፣ በምሳርና በሽብልቅ ነበር። ግንዱን ሰንጥቀው ግራና ቀኙን ይጠርቡታል። ከአንድ ትልቅ ዛፍ የሚገኘው ሳንቃ ጥቂት ነው፤ የቀረው ፍልጥና ፍቅፋቂ ሆኖ ማገዶ ይገባል። በድሮ አብያተ ክርስቲያናት የምታዩት ወፍራም በር እንዲህ የተጠረበ ነው። ያምራል፣ ዘመንም ይሻገራል፤ ዛፉን ግን ይበላል። ደን ሞልቶ በነበረ ጊዜ ይህን የሚቆጥር አልነበረም።

መቆጠር የጀመረው አዲስ አበባ ስትቆረቆር ነው። ከተማዋ በ1886 ተመሠረተች፤ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው እንጨት እያለቀ መጣ። በ1900 ገደማ አፄ ምኒልክ ወደ እኛው አቅጣጫ፣ ወደ አዲስ ዓለም፣ ዋና ከተማቸውን ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ዝውውሩን ካስቀሩት ነገሮች አንዱ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በፍጥነት አደገና ከተማዋን ባለችበት አቆያት። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ከሆለታ እስከ ግንጪ፣ ከግንጪ እስከ አምቦና ጉደር መንገዱን ይዞ የሚሄደው ባሕር ዛፍ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ባሕር ዛፍ የመጣው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንጨት ነው። ጣውላ ሲባል የሚታሰበው ጽድና ዝግባ ነበር፤ የመናገሻና የጭልሞ ዓይነት ደን። መጋዙም፣ የመጋዝ ባለሙያውም እጁን ያፈታው በእነዚያ እንጨቶች ላይ ነው።

ትልልቅ የሞተር መሰንጠቂያዎች በብዙ ደኖች የተተከሉት በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ነው። ከጣሊያን ጋር የተያያዘው ታሪክ በአፋችን ላይ ቀርቷል፤ «ጣውላ» ብንል፣ «ሞራሌ» ብንል፣ «ሰጋቱራ» ብንል ቃሉ የነሱ ነው። እነዚያ መሰንጠቂያዎች አይንቀሳቀሱም። ግንዱ ነው ወደ እነሱ የሚጎተተው። ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው የመጋዙ ባለቤት ነበር፤ በ1975 ብዙዎቹ ወደ መንግሥት ሲዛወሩም ይህ አልተለወጠም። ከመሰንጠቂያ ርቆ ላለ ሰው የነበረው አማራጭ የሁለት ሰው መጋዝ ነው። አንዱ ግንዱ ላይ ወጥቶ መስመሩን ይመራል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ይስባል፣ ሰጋቱራው ፊቱ ላይ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ተለፍቶ የሚገኘው ጣውላ ደግሞ አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆናል፤ ብዙ መላጊያ ይጠይቃል።

የደኑ ነገር ያመጣውን ጣጣ ታውቁታላችሁ። በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ጥበቃ አደረገላቸው። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ከግንጪ በላይ ባለው ጭልሞ፣ ፋርም አፍሪካ ባገዘው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ የአካባቢው ሰው ደኑን እየጠበቀ የሚጠቀምበት ሥርዓት ተጀመረ። እንግዲህ ለእኛ ማሽን የሚቀርበው ግንድ በአመዛኙ ያ ለጣውላ ያልታሰበው ባሕር ዛፍ ነው። ያውም ጠንካራና ተንኮለኛ እንጨት።

አሁን ወደ ባንድሶው እንምጣ። ባንድሶው ማለት እንደ ቀበቶ ዙሪያውን የተያያዘ ስስ የብረት መጋዝ በሁለት ጎማዎች ላይ የሚሽከረከርበት ማሽን ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ዊልያም ኒውቤሪ የሚባል እንግሊዛዊ የባለቤትነት መብት ያወጣበት በ1808 ነው። ግን ለዐሥርተ ዓመታት ማንም አልተጠቀመበትም። ለምን? ማሽኑ ደህና ነበር፤ መጋዙ ግን በተያያዘበት ቦታ ይበጠስ ነበር። በ1846 ፈረንሳይ ውስጥ ክሬፓን የተባለች ሴት የብየዳውን ዘዴ እስክታገኝ፣ ብረቱም እስኪሻሻል ድረስ ማሽኑ ቁጭ አለ። በ1982 ደግሞ በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውድማይዘር የተባለው ድርጅት ሥራ ጀመረ፤ ተንቀሳቃሽ ባንድሶው በዓለም እንዲስፋፋ ካደረጉት አንዱ ነው። ግንዱ ባለበት ይተኛል፣ መጋዙ ይሄድበታል። ዛሬ ከቻይና የሚመጡት ርካሾቹ የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ሰው ሲገዛ ግን የሚያየው ቀለሙንና ሞተሩን ነው። መጋዙን የሚጠይቅ የለም።

የመጋዙ ስስነት ገንዘብ ነው። ባንድሶው ሲቆርጥ ሰጋቱራ የሚያደርገው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቸንሶ 8 ሚሊና ከዚያ በላይ ይበላል። አራት ማዕዘን የሆነ 25 ሳንቲ ሜትር ግንድ 2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት ባለው ጣውላ ብትሰነጥቁት በባንድሶው 9፣ በቸንሶ 7 ታገኛላችሁ። ሁለቱ ጣውላ የት ሄደ? መሬት ላይ ነው፣ ሰጋቱራ ሆኗል።

ይህ የሚሆነው ግን መጋዙ ስለት ሲኖረው ነው። ስለቱ የሞተ መጋዝ በጠንካራ እንጨት ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋኛል፤ ጣውላው እንደ ማዕበል ይወጣል። ለጠንካራ እንጨት የጥርሱ ወደ ፊት ማዘንበል አነስ ያለ፣ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ያለው ይመረጣል። በጣም ያዘነበለ ጥርስ ለለስላሳ እንጨት ነው። ግንዱ ጭቃ ከነካው ደግሞ የትኛውም መጋዝ በደቂቃዎች ይደንዛል፤ ቅርፊቱን ልጡ፣ ጭቃውን እጠቡ። ስለዚህ ያላችሁን ብር ሁሉ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ። ትርፍ መጋዞችና የመሳያ መሣሪያ የሚገዛ ገንዘብ ካልቀረ ባይገዛ ይሻላል። መጋዙ በአገር ውስጥ የማይገኝ ልዩ ልክ ከሆነም ያው የኒውቤሪ ማሽን ነው የሚሆንባችሁ፤ ቁጭ ይላል።

ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ሻጮች አይነግሯችሁም። የቤንዚን ሞተር ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ተኩል ገደማ። አምቦ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። ወረቀቱ ላይ 13 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ ከ10 ብዙም አይበልጥም፤ 7 የተባለውማ ለባሕር ዛፍ ግንድ ቀልድ ነው። ካርቡረተሩ ለደጋ መስተካከሉንም ጠይቁ። ጎማዎቹን የሚሸፍን ክዳን የሌለውን ማሽን ግን ዋጋው ምንም ቢሆን አትንኩት፤ የተበጠሰ መጋዝ ሰው ይቆርጣል።

የባሕር ዛፍ ተንኮል ደግሞ ውስጡ የተወጠረ መሆኑ ነው። ገና ሲወድቅ ጫፉ ሲሰነጠቅ አይታችኋል። ከአንድ ወገን ብቻ እየሰነጠቃችሁ ከወረዳችሁ ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ከአንዱ ወገን ስታነሱ ግንዱን ገልብጣችሁ ከተቃራኒው አንሱ፤ እንደዚያ እያፈራረቃችሁ ወደ መሃል ግቡ። የወጣውን በጥላ ሥር በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። በአምስትና በስድስት ዓመት የሚቆረጥ አጣናም ለጣውላ አይሆንም። ዛሬ ማሽን የሚገዛ ሰው ደህና ደህናዎቹን መርጦ፣ ሌላውን አሳስቶ፣ ለተመረጡት ተጨማሪ ዓመታት መስጠት አለበት። የአገር በቀል ዛፍ ይዞ ሊመጣባችሁ የሚፈልግም አይጠፋም። በ2018 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ሥራ ላይ ነውና ፈቃዱን ከወረዳ ሳታዩ አትቀበሉ፤ ለራሳችሁ ባሕር ዛፍ ጣውላም ስለ ማጓጓዣ ወረቀት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለመግዛት ስትሄዱ የራሳችሁን ግንድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወፍራም፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ። ሻጩ እዚያው ይሰንጥቀው። ከዚያ ሜትር አውጡና የአንዱን ጣውላ ውፍረት ከሁለቱም ጫፍና ከመሃል ለኩት። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ከበለጠ መጋዙ ተቀይሮ እንደገና ይሰንጥቅ። አዲስ መጋዝ ተደርጎለትም ካላስተካከለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።