በሙቀት የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ

በስቶክሆልም ንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ይማሩ የነበሩት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ አሞኒያን፣ ውሃንና ሃይድሮጅንን በአንድ ዝግ ቧንቧ አኑረው፣ ያለ አንዳች ተሽከርካሪ መዘውር፣ በሙቀት ኃይል ብቻ ብርድን የሚያስገኝ ማቀዝቀዣ በጥበባቸው ፈለሰፉ። ኤሌክትሮሉክስ የተባለው ኩባንያ በ1925 ሥራውን በእጁ አድርጎ ለዓለም አዳረሰው፤ ሙቀቱም ከጋዝ ነበልባል ወይም ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስለሚገኝ፣ መኝታና ማድቤት በተሠራለት መኪና ለሚጓዙ መንገደኞች እጅግ የተመቸ ሆነ።

ስለዚህ መሣሪያው በጋዝ እየሠራ በኤሌክትሪክ እንቢ ያለ እንደ ሆነ፣ የቧንቧው ሥርዓት ደኅና መሆኑን ሥራው ራሱ ይመሰክራልና፣ ጠጋኙ አስቀድሞ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ወደ ማሞቂያው የሚደርሰውን ቮልቴጅ፣ በመጨረሻም ኃይሉን አቋርጦ የማሞቂያውን ሽቦ ይመርምር። በሁለቱም ካልቀዘቀዘ ግን፣ ፈሳሹ በክብደቱ የሚወርድ ነውና፣ መኪናው በደልዳላ ስፍራ መቆሙን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።