«አየር ወጣ ወይ?» — ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ እርጎና ፕሮባዮቲክስ፦ የአንድ ተስፋ ታሪክ



በአንጀት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ዘንድ ጠዋት ጠዋት የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «አየር ወጣ ወይ?» ታማሚው ያፍራል፣ አስታማሚው ፈገግ ይላል። ለእኛ ግን ቀልድ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንጀት ለጊዜው ሥራውን ያቆማል፤ አየር መውጣቱ መንቃቱን ይነግረናል። ቶሎ ካልነቃ ሆድ ይነፋል፣ ያስመልሳል፣ የሆስፒታል ቆይታ ይረዝማል፣ የሚቀጥለው ኬሞቴራፒም ሊዘገይ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ቤተሰብ «እርጎ እናምጣለት? ፕሮባዮቲክስ እንግዛለት?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እንዲገባን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንጀት ለምን ይተኛል?

በ1899 ለንደን ውስጥ ዊሊያም ቤይሊስ እና ኧርነስት ስታርሊንግ በውሾች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ሆድ ተከፍቶ አንጀት ሲነካ በነርቮች በኩል የሚመጣ ትእዛዝ እንቅስቃሴውን እንደሚገታ አሳዩ። ነርቮቹ ሲቆረጡ አንጀቱ ተመልሶ ይንቀሳቀሳል። በ1906 ደግሞ አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ከቀዶ ሐኪሙ ፍሬድ መርፊ ጋር፣ አንጀትን በእጅ መነካካት ብቻውን ሥራ እንደሚያስቆመው አረጋገጠ። ዛሬ ሁለት ተጨማሪ ምክንያቶች እናውቃለን፦ የአንጀቱ ግድግዳ መቆጣትና እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነቃው ትንሹ አንጀት ነው። ትልቁ አንጀት የመጨረሻው ሲሆን፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ይወስዳል።

እርጎ ወደ ሕክምና የገባበት መንገድ

በዚያው ዘመን ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ኤሊ ሜችኒኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ሳይንቲስት ይሠራ ነበር። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሰውነት መከላከያ ሴሎች ጀርም እንዴት እንደሚውጡ በማሳየቱ ነው። እሱ ግን ሌላም ሐሳብ ነበረው፦ በትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ አብስባሽ ባክቴሪያዎች መርዝ እያመነጩ ያስረጁናል፤ የእርጎ ባክቴሪያዎች ደግሞ ይገቷቸዋል። ራሱም የረጋ ወተት አዘውትሮ ይጠጣ ነበር።

ሐሳቡ ተስፋም አደጋም ይዞ መጣ። በአንድ በኩል የዛሬው ፕሮባዮቲክስ ዘር ነው። በሌላ በኩል ለንደን ውስጥ አርባትኖት ሌን የተባለ ታዋቂ ቀዶ ሐኪም፣ «አንጀት ሰውነትን ይመርዛል» በሚል ተመሳሳይ እምነት ለሆድ ድርቀት ብሎ ትልቁን አንጀት ቆርጦ ያወጣ ነበር። ጥሩ የሚመስል ሐሳብ ሳይፈተን ሲቀር እንዲህ ያደርጋል።

ተስፋው ሲፈተን

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የኔዘርላንድ ሐኪሞች የአንድ ትልቅ ጥናት ውጤት አሳተሙ። በጠና በታመሙ የቆሽት ብግነት ሕሙማን ላይ ፕሮባዮቲክስን በቱቦ ወደ አንጀት ሰጡ። ኢንፌክሽን ይቀንሳል ተብሎ ነበር፤ አልቀነሰም። ፕሮባዮቲክስ ከወሰዱት 152 ሕሙማን 24ቱ ሞቱ፤ ካልወሰዱት 144 ግን 9 ብቻ። ሕሙማኑ የካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል በጠና ለታመመ ሰው አይሠራም።

በአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ላይ ከተደረጉት ጥናቶች በርካቶቹ መልካም ውጤት አሳይተዋል፦ አየር ትንሽ ቀደም ብሎ መውጣትና የኢንፌክሽን መቀነስ። ነገር ግን ብዙዎቹ አነስተኛ ጥናቶች ናቸው፤ የባክቴሪያው ዓይነት፣ መጠኑና የሚሰጥበት ቀንም ይለያያል። ስለዚህ «ይህን እንክብል ግዙ» ለማለት ገና ነው።

አንጀትን በእርግጥ የሚያነቃው

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከቀላል ነገሮች ነው። በ1990ዎቹ ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት «አየር እስኪወጣ ምንም አትቅመስ፣ ከአልጋህ አትነሳ» የሚለውን ልማድ ገለበጠው፦ ሕመምን በትንሽ ሞርፊን ማስታገስ፣ ቶሎ ማስነሳት፣ ቶሎ ማብላት። በ2002 ጃፓናውያን ሐኪሞች የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 19 ሰዎች ሲያጠኑ፣ ማስቲካ ያኘኩት በአማካይ በ2.1 ቀን፣ ያላኘኩት በ3.2 ቀን አየር አስወጡ። ማኘኩ አንጀቱን ምግብ የመጣ ያስመስልበታል። ኋላ ላይ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች፣ ሕሙማን ቶሎ በሚመገቡበት ቦታ ጥቅሙ አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል።

ስለዚህ ውድ ቤተሰቦች፦

✅ ሐኪሙ ሲፈቅድ ታማሚውን ደግፋችሁ አስነሱት፣ አራምዱት።
✅ ምግብና ማስቲካ የሚጀመርበትን ቀን ሐኪሙን ጠይቁ።
❌ ፕሮባዮቲክስ ሐኪሙን ሳታማክሩ አትስጡ፤ በተለይ ኬሞቴራፒ ላይ ላለ፣ ነጭ የደም ሴሉ ለቀነሰ ወይም በትልቅ የደም ሥሩ ቱቦ ለገባለት ሰው።
❌ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ አትስጡ፤ እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ምግብ ሲፈቀድለት ከፈላ ወተት በንጽሕና የተሠራ እርጎ ይስማማው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በጥናት ከተፈተነው ፕሮባዮቲክ ጋር ግን አንድ አይደለም።
⚠️ ሆዱ እየተነፋ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው ወይም ሕመሙ ከበረታ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም ንገሩ።

ሜችኒኮቭ አንጀታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለጤናችን ትልቅ ቦታ እንዳላቸው በማሰቡ አልተሳሳተም። የትኛው፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ግን ገና እየተማርን ነው። እስከዚያው ጠዋት «አየር ወጣ ወይ?» ስንላችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩንም፤ ደስ ብሏችሁ ንገሩን።

ጤና ይብዛላችሁ!