ኒኮሲያ፦ ቡና ለመጠጣት መታወቂያ የሚያሳዩባት ከተማ

ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ ሁለት ጊዜ የፖሊስ ፍተሻ ማለፍ ግድ ቢሆንስ? በቆጵሮስ ዋና ከተማ በኒኮሲያ ይሄ የየቀኑ ኑሮ ነው። ነገሩ እንዴት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

▪ መስመሩ ከየት መጣ?
ቆጵሮስ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው በ1960 ነው። በ1963 መጨረሻ ላይ በግሪክና በቱርክ ቆጵሮሳውያን መካከል ግጭት ሲነሳ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ መስመር አሰመረ። «አረንጓዴው መስመር» የሚለው ስም በዚያው ቀረ። በ1974 በግሪክ ወታደራዊ መንግሥት የተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ፤ ቱርክም ጦሯን አዘመተች፣ ደሴቲቱም ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑ በ1983 ራሱን ሀገር ብሎ ቢያውጅም እውቅና የሰጠችው ቱርክ ብቻ ናት። በመሃል ያለውን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጠና የተመድ ሰላም አስከባሪዎች ይጠብቁታል።

▪ መሻገሪያው መቼ ተከፈተ?
ሚያዝያ 2003። ያኔ ሰው ለሰዓታት ተሰልፎ ከ29 ዓመት በፊት ጥሎት የሄደውን ቤት ሊያይ ተሻገረ። በገበያው መሃል ያለው የሌድራ ጎዳና መሻገሪያ ደግሞ በ2008 ተከፈተ። እሱ ለእግረኛ ብቻ ነው፦ በአንዱ ወገን መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ጥቂት እርምጃ ትራመዳላችሁ፣ በሌላው ወገን ደግማችሁ ታሳያላችሁ።

▪ የዕለት ኑሮው
• ደቡቡ በዩሮ፣ ሰሜኑ በቱርክ ሊራ ይገበያያል። ሊራ ሲወድቅ የደቡብ ሰው ቤንዚን ለመቅዳት ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከሰሜን ደግሞ ደቡብ ውሎ የሚገባ ሠራተኛ አለ።
• በመኪና የሚሻገር የወዲያኛውን ወገን ኢንሹራንስ መግዛት አለበት።
• በ2016 ክረምት ሰሜኑ የቱርክን ሰዓት በመከተሉ በአንዲት ከተማ ውስጥ የአንድ ሰዓት ልዩነት ነበር።
• ፍሳሹ ግን ድንበር አያውቅም፤ የሁለቱም ወገን ፍሳሽ በጋራ ነው የሚጣራው።
• በ2020 በኮሮና ምክንያት መሻገሪያዎቹ ሲዘጉ ብዙ ሰው ከሥራው ተቆርጦ ቀረ።

▪ እኛን ምን አገባን?
በሰሜን ቆጵሮስ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ አፍሪካውያን ይማራሉ። «ቆጵሮስ እኮ አውሮፓ ናት» የሚል ደላላ ከገጠማችሁ ይህን ያዙ፦ ቆጵሮስ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም የኅብረቱ ሕግ በሰሜኑ አይሠራም። በሰሜን አየር ማረፊያ የገባን የውጭ ዜጋ የደቡቡ መንግሥት በሕገወጥ መንገድ እንደገባ ይቆጥረዋል። የሰሜኑ የተማሪ ፈቃድ በሌድራ ጎዳና አያሻግርም። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት «ትምህርት ቤቱ በየትኛው ወገን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለጉዞ እየተዘጋጀ ላለ ጓደኛችሁ አጋሩት።