ከላሊበላ ዋሻ የወጣ ጋያ

ላሊበላ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ላስታ ይሮጣል። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ ላሊበላ ነው፤ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በቀድሞው በጌምድር ስለሚገኝ ዋሻ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ዶምብሮውስኪ የተባሉ የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪ ወለሉን ቆፈሩት። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው እዚያ የተገኘውን የጥንት ገብስና ሽምብራ ነው (የገበሬ አገር ነንና አይፈረድም)። እኔን ይበልጥ ያስገረሙኝ ከሸክላ የተሠሩ ሁለት የጋያ ራሶች ናቸው። ዘመናቸው እ.ኤ.አ. ወደ 1320 ግድም ተገምቷል። ቫን ደር ሜርቨ የተባሉ ሊቅ በውስጣቸው የተጋገረውን ጥላሸት በኬሚስትሪ መርምረው፣ የተጨሰው ካናቢስ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተሙ። ትምባሆ ነው እንዳንል፣ ትምባሆ ከአሜሪካ የወጣው ከኮሎምቦስ በኋላ ነዋ!

ታዲያ ያጨሱት ለመድኃኒት ነው ለደስታ? ጥላሸቱ አይናገርም። «አባቶቻችን ይታከሙበት ነበር» ብዬ ብጽፍ ለክርክሬ በበጀኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «ባዕድ ትናንት ያመጣብን ነገር» የሚለው ወሬ ከዋሻው ደጃፍ አያልፍም።

ስሙም ቢሆን ያምታታል። በጋዜጣና በሬዲዮ ካናቢስ «ዕፀ ፋሪስ» ሲባል እንሰማለን። በገጠር ግን አጠፋሪስ ማለት አስተናግር ነው፤ ጥርሱን ያመመው ሰው ፍሬውን ፍም ላይ ነስንሶ ጭሱን በአፉ የሚቀበለው፣ ልኩን ያለፈ ደግሞ ሲለፈልፍ የሚያድርበት፣ ሲብስም የሚሞትበት። ሁለት ዕፅ በአንድ ስም ይወገዛሉ። የባሰ መርዝ የሆነው አስተናግር ግን በየአጥሩ ሥር በቅሎ የሚነካው የለም።

ለጎንደር ሰው መርዝና መድኃኒት ጎረቤት መሆናቸው አዲስ ትምህርት አይደለም። ኮሶን እንኳ ብንወስድ፣ ከልክ ካለፈ ይገድላል፤ አያቶቻችን ግን ልኩን አውቀው በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር። ጎንደር የከረመው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 በመጽሐፉ ለአውሮጳ አስተዋወቀው፤ በተከታዩ ክፍለ ዘመን በእነሱም መድኃኒት ቤት ተሸጠ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። አክስቴ ካንሰር ይዟት ኬሞ ጀመረች። ሌሊቱን ሳፋ አጠገቧ አስቀምጣ ስታስመልስ ታድራለች፤ ውኃ እንኳ አይረጋላትም። «ልጄ፣ መዳኑን ለእግዜር ተዉት፤ እናንተ ይቺን ትውከት ብቻ አቁሙልኝ» አለችኝ። የታዘዘላት ክኒን ሁለት ቀን ረድቷት ተወ። ሐኪሙን «ሌላስ የለም ወይ?» ስለው «አለ፣ እኛ አገር ግን አይታዘዝም» አለኝ። ሦስተኛውን ዙር ሳትጨርስ ሕክምናውን ትታ አገሯ ገባች።

ለሁሉ በሽታ ፈውስ ነው የሚሉትን እኔም አልሰማቸውም። ለካንሰር ሕመም ማስረጃው ገና ደካማ ነው፤ ሞርፊን ይቀድማል። ለኬሞ ትውከት ግን ከካናቢስ ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ያለው እንክብል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ይታዘዛል፤ በብርቱ የሚጥል በሽታ ለሚሠቃዩ ሕፃናትም ከ2018 ወዲህ ሽሮፕ ተፈቅዷል። ጋያ አጭሱ ያለ የለም።

ሕጉስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ አምራቹንም ተጠቃሚውንም ይቀጣል። ግን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 የገባችበት የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ራሱ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመም ለማስታገስ የግድ እንደሚያስፈልጉ በመግቢያው ይመሰክራል። ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ሠንጠረዥ አውጥቶታል፤ አሁን ከሞርፊን ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ነው ያለው። ሌሶቶ እንኳ ለሕክምና ፈቃድ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

እኔ የምጠይቀው እርሻ አይደለም፣ ሱቅም አይደለም። ሞርፊኑ ተቆልፎ፣ ተቆጥሮና ተፈርሞበት በሚወጣበት በዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚከፈት አንድ ብልቃጥ ይጨመር ነው የምለው።