የኮምቢሽታቶ እሑድ

አስመራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረችው ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ቀኑ በደረሰ ቁጥር ጋዜጦች የሕንፃዎቿን ፎቶግራፍ ያወጣሉ፤ ሲኒማ ኢምፔሮን፣ ካቴድራሉን፣ ዘንባባ የተሰለፈበትን ዋና ጎዳና። ዘንድሮ አዘጋጁ ይህን ገጽ ሲሰጠኝ ሐሳቤ የሄደው ወደ ሕንፃዎቹ ሳይሆን ወደ እሑዷ ነው። አስመራ ኖሮ የመጣ ሰው ሲያወራ ብትሰሙት የሚናፍቀው እሑዱን ነው፦ ማለዳ ብስክሌት፣ ረፋድ ላይ በአሮጌ ፊያት ሽርሽር፣ ምሳ ዝግኒ የሚሉት ቀይ ወጥ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ሜሎቲ ቢራ።

እኔም አንዱን እሑድ አይቼዋለሁ። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲከፈት፣ ጥቂት ወራት ቆይቼ ሄድኩ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዋናው ጎዳና ዳር አንድ አዛውንት ብስክሌታቸውን ገልብጠው፣ በመቀመጫውና በመሪው አቁመው፣ የኋላውን ጎማ ያሽከረክሩ ነበር። በቀኝ እጃቸው ጠመኔ ይዘዋል። ጠመኔውን ወደ ቸርኬው ጠርዝ ያስጠጉና ጎማውን ያዞሩታል፤ የተወላገደው ቦታ ሲደርስ ነጭ ምልክት ይቀራል። ከዚያ በትንሽ ቁልፍ በዚያ በኩል ያለውን ራጂ ጥቂት ያላሉታል፣ ትይዩውን ያጠብቁታል፤ ደግሞ ያዞሩታል። ቆሜ ሳይ ጊዜ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ እስኪ ሹካውን ደግፍልኝ» አሉኝ። ደገፍኩላቸው። ጠመኔው ምንም ሳይነካ ጎማው ሙሉ ዙር እስኪዞር ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀን። ከዚያ ብስክሌቱን አቃንተው፣ ኮፊያቸውን አጥብቀው፣ ቁልቁል ሄዱ።

ያ ጎዳና ስሙ ብዙ ነው። በፋሺስት ጊዜ በሙሶሊኒ ስም ይጠራ ነበር፤ በእኛ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ተባለ፤ ዛሬ ሓርነት ነው። የከተማው ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ኮምቢሽታቶ ማለት ይቀናዋል። ቃሉ የጣሊያንኛው ካምፖ ቺንታቶ ሲሆን ትርጉሙ የታጠረ ሜዳ ማለት ነው፤ ለነጮች ተከልሎ ጥቁር እንዳይኖርበት የተከለከለውን ሰፈር ነበር የሚጠሩበት። ዛሬ አስመራ በሙሉ በማታ ወጥቶ የሚንሸራሸርበት ጎዳና የሚጠራው በዚያ የአጥር ስም ነው።

የአስመራ እሑድ የጣሊያን ውርስ ነው ሲባል በብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ። ብስክሌቱንም መኪናውንም ቢራውንም ያመጡት እነሱ መሆናቸው እውነት ነው። ውርስ የሚባለው ግን ባለቤቱ ወዶ የሰጠው ነው። ይህ እንዴት እንደተገኘ ለማየት ወደ 1930ዎቹ መጨረሻ መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብላ ያወጀችው በ1890 ነው። ባቡሩ ከምጽዋ ተነስቶ በ1911 አስመራ ገባ። ከተማዋን ከሥር የለወጣት ግን በእኛ ላይ የተከፈተው ጦርነት ነበር። በጥቅምት 1935 መረብን የተሻገረው ጦር ስንቁም ጥይቱም የሚያልፈው በአስመራ በኩል ነው። ከጦሩ ኋላ መካኒኩ፣ ሾፌሩ፣ ግንበኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው ጎረፈ። በ1939 ከ98,000 ያህል ነዋሪ 53,000 የሚሆነው ጣሊያናዊ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሰው መኪናው መጠገኛ፣ ጉሮሮው ቢራ፣ እሑዱ ጨዋታ ይፈልጋል።

ቢራው በ1939 መጣ። ሉዊጂ ሜሎቲ ፋብሪካውን ያቆመው በዚያ ዓመት ሲሆን መጀመሪያ የተነሳው አልኮል ለማውጣት ነበር። ቢራው በኋላ ስሙን ይዞ ከተማዋን አዳረሰ። ደርግ በ1975 ፋብሪካዎችን ሲወርስ እሱም ተወረሰ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው አስመራ ቢራ ሆነ። የሰው አፍ ግን አልተወረሰም፣ ዛሬም ሜሎቲ ነው። በየቤቱ ደግሞ ከሜሎቲ በፊትም በኋላም ሱዋ ነበር፤ እኛ ጠላ የምንለው።

መጠገኛው ከሁሉም በላይ ስሙ የገነነው ፊያት ታሊየሮ ነው። በ1938 ጁዜፔ ፔታዚ የተባለ መሐንዲስ የሠራው ነዳጅ ማደያ ሲሆን፣ አውሮፕላን ይመስላል። ከመካከለኛው ግንብ ግራና ቀኝ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር የሆኑ የኮንክሪት ክንፎች ይወጣሉ፤ ከሥራቸው አንድም ምሰሶ የለም። እንግዳ የሆነ ሁሉ እዚህ ማደያ ፊት ሲቆም አንድ ታሪክ ይነገረዋል። የከተማው ሹማምንት ያለ ምሰሶ አይሆንም አሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ግንበኛው የእንጨት ድጋፉን ለማንሳት ፈራ፤ ፔታዚም ሽጉጥ መዞ ግንበኛው ግንባር ላይ ደግኖ አስነሳው። ሌላው አተራረክ ደግሞ መሐንዲሱን ክንፉ ጫፍ ላይ ያቆመዋል፤ ከወደቀ አብሬ እሞታለሁ ብሎ።

ሁለቱንም አተራረክ ብሰማም ልቤ የሚያምነው ኮንክሪቱን ነው። ሁለቱ ክንፎች ርዝመታቸው እኩል ነው፤ አንዱ ሌላውን ይመዝነዋል፤ ውስጣቸው የተቀበረው ብረት ከመካከለኛው ግንብ ጋር አሥሯቸዋል። ይህን ያሰላ ሰው ድጋፉ ሲነሳ የሚሆነውን ያውቃል። የእንጨት ምሰሶዎቹም ለሹማምንቱ ደንብ ሲባል ለጊዜው የቆሙ ነበሩ ይባላል። ክንፎቹ ያን ሁሉ ጦርነት አልፈው ዛሬም እንደተዘረጉ ናቸው። ያቆማቸው ስሌት እንጂ ሽጉጥ አይደለም።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ታሪክ ሲነገር የሌላው መዘንጋቱ ነው። ማደያው ባለቀ ማግስት፣ በዚያው ከተማ፣ ከሽጉጡ እጅግ የሚበልጥ ነገር ተደርጓል።

በአስመራ የመጀመሪያው የብስክሌት ውድድር ሚያዝያ 21 ቀን 1937 ተካሄደ። ቀኑ እንዲያው የተመረጠ አይደለም፤ ሮም የተቆረቆረችበት ቀን ተብሎ ፋሺስቶች የሚያከብሩት በዓል ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጣሊያናውያን ብቻ ነበሩ። የአገሩ ልጅ ተከለከለ። የተከለከሉት ግን እቤታቸው አልተቀመጡም፤ በራሳቸው ቡድን፣ በራሳቸው ውድድር፣ እርስ በርሳቸው ይሽቀዳደሙ ጀመር። በአገሬው ሰፈር፣ በአባ ሻውል፣ ለሚኖር ሰው ብስክሌት የእሑድ መጫወቻ ከመሆኑ በፊት የሥራ መጓጓዣ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በዳገቱ እቃ ተጭኖ የሚወጣ እግር እሑድ ባዶውን ሲጋልብ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

በ1938 ቪቶሪዮ ካፊዬሮ የተባለ አርክቴክት የከተማውን ፕላን አወጣ፤ ፕላኑ አስመራን በዘር የከፈለ ነበር። የጣሊያኖች ሰፈር፣ የድብልቅ ሰፈር፣ የፋብሪካ ሰፈር፣ የአገሬው ሰፈር። በዚህ መሐል፣ በ1939፣ ጣሊያናውያንና ኤርትራውያን በአንድ መነሻ መስመር የሚቆሙበት ውድድር ተፈቀደ።

ለምን ተፈቀደ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁለት መልክ ያለው። አንዱ ወገን ስፖርት ነው ይላል፤ ብስክሌት ወዳዶቹ በውድድር ፍቅር አጥሩን ትንሽ ከፈቱት፣ የከተማው ሰው ሁሉ ሊያይ ፈለገ። ሌላው ወገን ደግሞ የጉልበት ፈተና ነበር ይላል፤ ነጭ ከጥቁር እንደሚበልጥ በአደባባይ፣ በሰዓት ተለክቶ እንዲታይ።

እኔ አንድ ሕግ ፊቴ ስለሚመጣ ሁለተኛውን ለማመን እገደዳለሁ። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 29 ቀን 1939፣ ሮም ላይ ቁጥሩ 1004 የሆነ ሕግ ወጣ። ሕጉ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የጣሊያንን «የዘር ክብር» ለሚነካ አድራጎት የወንጀል ቅጣት የሚደነግግ ነው። ጣሊያናዊው ራሱ በአገሬው ሰው ፊት ክብሩን ዝቅ ካደረገ ይቀጣል። የዘር ክብርን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ የጻፈ መንግሥት በዚያው ዓመት የአገሬውን ልጅ ከጣሊያናዊው ጎን ያቆመው ለጨዋታ ሲል ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ያቆመው ውጤቱን አስቀድሞ የማውቀው ነው ብሎ ስላሰበ ነው።

አሸናፊው ገብረማርያም ገብሩ ሆነ።

አስመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የተወለደ ሰው ሳንባው ስሱን አየር ያውቀዋል። ከከተማዋ በየትኛውም አቅጣጫ ብትወጡ መንገዱ ወይ ቁልቁል ነው ወይ ዳገት፤ ወደ ምጽዋ የሚወርደው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአርበሮቡዕና በነፋሲት አድርጎ እየተጠማዘዘ ያን ሁሉ ከፍታ ይጨርሳል፤ የወረደ ደግሞ መመለስ አለበት። ብስክሌተኛ ዳገት ላይ ማንም አይረዳውም። ሜዳ ላይ ከሌላው ኋላ ተጠግቶ ነፋስ መሸሽ ይቻላል፤ ዳገት ላይ ግን ነፋስም የለ፣ መጠጊያም የለ፣ እግርና ትንፋሽ ብቻ። ዘር የሚባል ነገር እዚያ ላይ አይረዳም። ገብረማርያም ያሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የተሽቀዳደመ ትውልድ ልጅ ነበር።

ለዚህ ነው የአስመራ እሑድ ከጣሊያን የተወረሰ ነው ሲባል የሚከብደኝ። የተወሰደ ነው፤ በእግር ጉልበት፣ በዳገት ላይ።

የቀረው በፍጥነት መጣ። ሚያዝያ 1 ቀን 1941 እንግሊዞች አስመራ ገቡ። በ1946 የመጀመሪያው የዙር ኤርትራ ውድድር ተካሄደ። በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ ኢትዮጵያም በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትወጣ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞች ነበሯት። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ጸሃየ ባህታ፤ የቡድኑ መሠረት የአስመራ መንገድ ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን 1956 ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የጎዳና ውድድር አንደኛ የወጣው ኤርኮሌ ባልዲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። የገብረማርያም ዘመን ልጆች ግን በዚያው መነሻ መስመር ላይ፣ በማንም ፈቃድ ሳይሆን በአገራቸው ማሊያ ቆመዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ገረመው ሮም ላይም ተሰልፏል፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት ኦሊምፒክ።

የአስመራ እሑድ አዲስ አበባም ደርሷል። የእኛ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ መጀመሪያ ሰይቸንቶ ነበር፤ ከ1955 ጀምሮ የወጣችው ፊያት 600። ሞተሯ ከኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ዳገት ላይ ሙቀቷ ሲያልፍ ሾፌሩ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሲያቀዘቅዛት አይቻለሁ። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ከመነዳሪ፣ ጎሚስታ፤ ጋራዥ ውስጥ አፋችን ላይ ያለው ቃል ሁሉ በዚያ መንገድ የመጣ ነው። ፓስታን በበርበሬ ወጥ አድርገን በእንጀራ ጠቅልለን ስንበላም ያንኑ እናደርጋለን፤ የጣሊያኑን ምግብ ወስደን የራሳችን ወጥ ውስጥ ማስገባት። አስመራ ላይ ፓስታው ዝግኒ ይጨመርበታል፤ ዝግኒው ጥሩ ከሆነ ፓስታውን ማንም አያስታውሰውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። የኤርትራ የነጻነት ጦርነት ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ተቋርጦ የነበረው ዙር ኤርትራም ተመልሶ የመጣው በ2001 ነው።

ከተመለሰ ወዲህ ያደጉት ልጆች ወደ አውሮፓ ወጡ። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በቱር ደ ፍራንስ የዳገት ንጉሥ የሚለብሰውን ነጥብጣብ ማሊያ ለበሰ። በ2022 ቢንያም ግርማይ ቤልጂግ ውስጥ ጄንት ቬቬልገምን አሸነፈ። በሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ፣ በዚያ ዓመት ጣሊያን ውስጥ በጀመረው ቱር ደ ፍራንስ ሦስተኛ ምዕራፍ፣ ከፒያቼንሳ የተነሳው ውድድር ከ230 ኪሎ ሜትር በኋላ ቱሪን ሲገባ መስመሩን ቀድሞ ያለፈው የአስመራው ቢንያም ነው። የቱርን አንድ ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። በዚያው ቱር ሁለት ምዕራፍ ጨምሮ አረንጓዴውን ማሊያ ይዞ ተመለሰ፤ አስመራም በየጎዳናዋ ወጥታ ተቀበለችው።

ቱሪን የፊያት ከተማ ናት። በ1938 ለባለ ክንፉ ማደያ ስሙን የሰጠው፣ ከዚያም ሰይቸንቶዎቹን የላከልን የፊያት ፋብሪካ ያለው እዚያ ነው። ቢንያም መስመሩን ሲያልፍ እጁን ዘርግቶ ሳየው፣ ጠመኔ ይዘው ጎማ የሚያቃኑት አዛውንት ትዝ አሉኝ። ያን ጊዜ አስመራ ላይ ገና አልመሸም ነበር።