ካስማ የማይገባበት ሰፈር

በ1512 ዓ.ም. የመጣው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያገኘው የአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ድንኳን ነበር። ነገሥታቱ በሄዱበት ካስማ መትተው ይሰፍሩ ነበር፤ ድንኳኑን የሚይዘው መሬቱ ነው።

ሐዋሳችንም በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ካስማ የሚውጥ አፈር ነበራት። በ2000ዎቹ ግን ሰፈራችን ኮብልስቶን ለበሰ፤ ጭቃውም ካስማውም አብረው ቀሩ።

ታዲያ የእድሩን ድንኳን በምን እንያዘው? አንዳንዶቻችን ድንጋዩን ፈንቅለን ካስማ እንመታለን፤ ለቅሶው ሲያበቃ ጉድጓዱ ለክረምት ጎርፍ ይቀራል። ገመዱን ከመብራት ምሰሶ ማሰርም ሌላ ለቅሶ መጥራት ነው። መፍትሔው ክብደት ነው፦ በየእግሩ አሸዋ የሞላ ጆንያ፣ ወይም ማሰሪያ ብረት የተቀበረበት ኮንክሪት የሞላ ጣሳ።

እድራችን ወንበርና ድስት ገዝቶ ያኖራል። ይህንንም ይጨምርበት፤ የሐይቁ ነፋስ ለቀስተኛ አይለይም።