ባላስት፦ የጅረት ልጓምና ሙቀቱ

በክፍል ውስጥ በመብራት አትክልት የሚያለማ ሰው ሙቀት ሲበዛበት መጀመሪያ የሚወቅሰው አምፖሉን ነው። እውነት አለው፤ ትልቁ ሙቀት የሚመጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን ከአምፖሉ ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ብርሃን የማይሰጥ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም አንድ የብረት ሳጥንም አለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ባላስት ይሉታል።

ቃሉ የመጣው ከመርከብ ነው። ባዶ መርከብ በማዕበል እንዳይዋልል ከሆዱ የሚጫን ክብደት ባላስት ይባላል፤ ከባቡር ሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ጠጠርም ይኸው ስም አለው። የመብራቱ ባላስት ሥራ ግን የኤሌክትሪክን ጅረት መግታት ነው። ስለዚህ በአማርኛ «የጅረት ልጓም» ቢባል ይስማማዋል፤ ሲያጥር ደግሞ «ልጓም» ብቻ ይበቃል። ሱቅ ሄዶ ለሚገዛ ግን ባላስት የሚለው ስም አይቀርም።

ልጓም ለምን አስፈለገ? ለእርሻ መብራት ለዓመታት ሲያገለግል የኖረው ከፍተኛ ግፊት ያለው ሶዲየም አምፖል እንደ ተራ አምፖል የሚግል ክር የለውም። ብርሃኑ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጋዝና በሶዲየም ተን ውስጥ ሲያልፍ ነው። የአምፖል ክር በጋለ ቁጥር ጅረትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ጋዝ ግን ተቃራኒ ነው። ጅረቱ በጨመረ ቁጥር መተላለፊያው ይሰፋለታል፣ በሰፋለት ቁጥርም ይበልጥ ይጨምራል። የሚገታው ካጣ አምፖሉ ወዲያው ይበላሻል።

የነባሩን፣ የማግኔታዊውን ልጓም ሳጥን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ጥቂት ነገር ነው፦ በተደራረቡ ስስ ብረቶች ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ ካፓሲተር፣ እንዲሁም በጥቂት ሺህ ቮልት ምት አምፖሉን የሚያስነሳ ኢግናይተር። የ1,000 ዋቱ ክብደት ከ10 ኪሎ ይበልጣል። ሙቀቱ ከሁለት ቦታ ይመነጫል። አንዱ ጅረቱ በመዳቡ ሲያልፍ የሚባክነው ነው፤ ሌላው ደግሞ ብረቱ የማግኔት አቅጣጫውን ያለማቋረጥ ሲቀያይር የሚፈጠረው ነው። ጉርምርምታውም ከዚሁ የብረት ንዝረት የሚመጣ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በማግኔታዊ ልጓም የሚሠራ የ1,000 ዋት ሶዲየም አምፖል ከመስመር የሚስበው ወደ 1,100 ዋት ይጠጋል፤ ትርፉ ልጓሙ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ብርሃኑም ቢሆን ተክሉ ከሚያስቀረው ጥቂት በቀር መጨረሻው ሙቀት ነው። እያንዳንዱ ዋት በሰዓት 3.41 ቢቲዩ (የኤሲ አቅም የሚለካበት የሙቀት መጠን) ስለሆነ፣ ሦስት አምፖሎች ከነልጓሞቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ በሰዓት ወደ 11,260 ቢቲዩ ይለቃሉ። የተለመደው የ12,000 ቢቲዩ ኤሲ ለቬንትሌተር፣ ለፓምፕና ከውጭ ለሚገባ ሙቀት የሚተርፈው አቅም እጅግ ትንሽ ይሆናል። ሦስቱ ልጓሞች ከግድግዳው ማዶ ቢሰቀሉ 1,000 ቢቲዩ ገደማ ከጫናው ይቀንሳል።

ታዲያ እንዳሻው ማራቅ አይቻልም። ሽቦው ሲረዝም የማስነሻው ምት እየደከመ ስለሚሄድ አምፖሉ አልነሳ ሊል ይችላል፤ የሚፈቀደው ርቀት በአምራቹ መመሪያ ላይ ይገኛል። አቀማመጡም ቁም ነገር አለው። ልጓም በልጓም ላይ መደራረብ፣ ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ ወይም ውኃ በሚፈስበት ወለል ላይ መተው አደጋ ነው። የማይቃጠል ነገር ላይ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ አየር ከሥር ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ መሰቀል አለበት።

የታፈነ ልጓም ክፍሉን ከማሞቁ በላይ ራሱን ይጎዳል። «ክላስ ኤች» የተባለው የሽቦ መሸፈኛ እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ ካፓሲተሩ ግን የሚችለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። መሐንዲሶች በልምድ የያዙት ደንብ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመሸፈኛ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል ይላል። ያበጠ ካፓሲተር ወይም የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ካለ መብራቱን ማጥፋትና ባለሙያ መጥራት ነው። ካፓሲተር መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም።

ኤሌክትሮኒክ ልጓም ሲመጣ ብክነቱ ቀነሰ፣ ክብደቱም ቀለለ። ነገር ግን ውስጡ ያሉት ስስ ክፍሎች ሙቀትን ከመዳብና ከብረት ያነሰ ይታገሣሉ። ሌላም ጣጣ አመጣ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ አማተር ራዲዮ ማኅበር አንዳንድ የእርሻ መብራት ባላስቶች የራዲዮ ሞገድ ያውካሉ ሲል ለአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤት ብሏል።

የልጓሙ ሙቀት ግን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። በኔዘርላንድ የመስታወት ቤት እርሻዎች ልጓሙ ብዙውን ጊዜ ከአምፖሉ ጋር አንድ ላይ ተገጥሞ ከተክሉ በላይ ይሰቀላል፤ በክረምት ብርድ የሚባክነው ሙቀት ከማሞቂያ ወጪ ጥቂቱን ይሸፍናል።

ኤልኢዲ መብራት ባላስት ባይኖረውም ጅረቱን የሚያስተካክል «ድራይቨር» አለው፤ እሱም ይሞቃል። አዲስ ክፍል የሚያዘጋጅ ሰው እንግዲህ ኤሲ ከመግዛቱ በፊት የልጓሙ ሳጥን ላይ የተጻፈውን ከመስመር የሚሳብ ዋት ይይ፣ ከዚያ ላይ የአምፖሉን ዋት ይቀንስ፤ ልዩነቱ ልጓሙን ከክፍሉ ውጭ በመስቀል ሊያወጣው የሚችለው ሙቀት ነው።